የታተመ አይታተምም

በሬ የሚሸጥ ሰው ደላላ አያጣም። ቤት የሚያከራይ፣ በቅሎ የሚለውጥ፣ ሚስት የሚፈልግ እንኳ መሃል ገብቶ ነገሩን የሚያገናኝለት ሰው ያገኛል። ለልጅ የተሣለ መጽሐፍ ደላላው ማን እንደሆነ ግን ዛሬም በቅጡ አላውቅም፤ በዚያን ጊዜማ ጭራሽ አላውቅም ነበር። ሳላውቅ ፈለግኩ፣ ሳላውቅ አገኘሁ። ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ ለእኔም ለደላላውም ሳይገባን የሆነ ነው።

ጊዜው የጣሊያን ጊዜ ነው። እኔ ቡታጅራ ገበያ ዳር በአንዲት ትንሽ ሱቅ ጨው እቸረችር ነበር። ጨው ነጋዴ ግን አልነበርኩም፤ አዲስ አበባ አስተማሪ ነበርኩ። ፊደል የቆጠረ ሰው እየተለቀመ የሚወሰድበት ወራት ሲመጣ ባለቤቴንና ልጄን ይዤ ማንም ወደማያውቀኝ አገር ወጣሁ። ባለቤቴ ከተራራው ማዶ፣ ከሰባት ቤት ጉራጌ ናት። እዚያው ወደ ዘመዶቿ እንዳንገባ፣ የሚፈልጉኝ ሰዎች መጀመሪያ የሚሄዱት ዘመድ ቤት ነው ብዬ ፈራሁ። ስለዚህ ከተራራው ወዲህ ቀረን። ጨው መስፈር የተማርኩት እዚያ ነው፤ እስከ መጨረሻውም በደንብ አልተማርኩትም።

ከትምህርት ቤቱ ይዤው የወጣሁት አንድ የተማሪዎች ስም መጥሪያ መዝገብ ነበር። ለምን እንደያዝኩት አትጠይቁኝ፤ የሚሸሽ ሰው እጁ ላይ የተገኘውን ይዞ ነው የሚሮጠው። ቡታጅራ እንደደረስኩ ስም ያለባቸውን ገጾች ቆርጬ አቃጠልኳቸው። ልጆቹ በእኔ መዝገብ እንዲያዙ አልፈለግኩም። ከኋላ ያልተጻፈባቸው ሃያ ስድስት ቅጠሎች ቀሩ። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ንጹሕ ወረቀት ቡታጅራ ውስጥ በሌላ ሰው እጅ የነበረ አይመስለኝም።

ልጄ ያን ጊዜ ሰባት ዓመቷ ነው። ፊደል አስጀመርኳት። «ሀ» አልኳት።

«ሀ ምንድን ነው?» አለችኝ።

«ፊደል ነው።»

«ይበላል?»

አስተማሪነት ክፉ በሽታ ነው፤ ተማሪ ካልገባው የታመመው አስተማሪው ነው። ሦስት ቀን ታግዬ ሳይሆንልኝ ሲቀር ያችን ሃያ ስድስት ቅጠል አውጥቼ ሥዕል ጀመርኩ። የድስት ጥቀርሻ በውሃ በጠበጥኩ፤ ለቀይ የሸክላ አፈር ፈጨሁ፤ ለአረንጓዴ የጨመቅኩት ቅጠል በሁለተኛው ቀን ቡናማ ሆነ፣ እሱንም ተውኩት። በእያንዳንዱ ቅጠል በአንዱ ገጽ ላይ አንድ ፊደል፣ ከሥሩ በዚያ ፊደል የሚጀምር አንድ ነገር። በ ብዬ በሬ፣ ዶ ብዬ ዶሮ፣ ዝ ብዬ ዝንጀሮ። ሁሉንም ፊደል አላዳረስኩም፤ መሣል የምችለውን ብቻ ነው የያዝኩት፤ የምችለውም ብዙ አልነበረም።

በሬው በተለይ እምቢ አለኝ። ልጄ ገና ስታየው «ውሻ» አለች።

«ቀንዱን አታይም?» አልኳት።

አየችውና «ቀንድ ያለው ውሻ» አለች።

በቆጮው ገጽ ደግሞ ሌላ ጠብ ተነሣ። ቆ ብዬ ከላይ ጻፍኩ፤ ከሥሩ በእንሰት ቅጠል ላይ የተጋገረ ክብ ቆጮ ሣልኩ። ልጄ ጣቷን ሥዕሉ ላይ አድርጋ «ው» አለች። ቆ ነው አልኳት። «ይሄ ውሳ ነው። ውሳ ደግሞ በው ነው» አለችኝ። እናቷ ቆጮን የምትጠራው ውሳ ብላ ነው፤ ከልጄ ጋር የሚውሉት የሰፈሩ ልጆችም ከእሷ ለምደው ውሳ ይሉታል። ልጅቷ ልክ ነበረች፤ እኔ ግን ተቆጣሁ። መጽሐፉ የአማርኛ ነው፣ በአማርኛ ቆጮ ነው፣ ቆጮ በቆ ነው አልኩ። ከዚያ ወዲህ ገጹን ስታነብ «ቆ» ትልና አይን አይኔን እያየች «ውሳ» ብላ ትዘጋው ነበር።

ያም ሆኖ መጽሐፉ ሠራ። በአንድ ወር ውስጥ ሃያ ስድስቱንም ለቀመቻቸው። ከዚያ ጎረቤት ልጆች መምጣት ጀመሩ፤ መጀመሪያ ሁለት፣ ቀጥሎ አምስት፣ በኋላ ስምንት። አንዲቷን መጽሐፍ ከበው ይጋፋሉ፣ ይጎታተታሉ፣ የዶሮዋ ገጽ ዳሩ ተቀደደ፣ አንዱ ዝንጀሮው ላይ ማር አፈሰሰበት። ልጄ መጽሐፏን ታቅፋ ማልቀስ አመጣች። እኔም ይህችን መጽሐፍ መቶ ማድረግ ቢቻል ብዬ ማሰብ ጀመርኩ። አዲስ አበባ አንድ ማተሚያ ቤት ሥራ ላይ ነው ሲባል ሰምቼ ነበር። ችግሩ እኔ ወደዚያ መሄድ አልችልም። ለመሄድ የይለፍ ወረቀት ያስፈልጋል፤ የይለፍ ወረቀት ለማውጣት ደግሞ ወልቂጤ የጣሊያኖቹ ጽሕፈት ቤት ቀርቦ ስምንና ሥራን መናገር ግድ ነው። ስሜም ሥራዬም የሚነገሩ አልነበሩም። ስለዚህ ሰው ፈለግኩ።

ሰውየው ሐጂ ነበሩ። ሐጂ መካ ሄደው አያውቁም፤ የሄዱት አባታቸው ናቸው፣ ማዕረጉ ለልጅ ወረደ። በርበሬ ከማረቆ ይገዙና በአጋሰስ ተራራውን ተሻግረው ወልቂጤ ያወርዳሉ፤ ከዚያ በአዲሱ መንገድ በካሚዮን ወደ አዲስ አበባ ይሰዱታል። ከንግዱ ጎን ጉዳይ ገዳይ ናቸው። ይለፍ የሚፈልግ፣ በቅሎው የተያዘበት፣ ልጁ መንገድ ሥራ የተወሰደበት ሰው ሁሉ እሳቸው ጋ ይሄዳል። ቁርዓን ያነባሉ፣ አማርኛ ግን አያነቡም፤ አዲስ አበባ ላለው ደንበኛቸው ደብዳቤ የምጽፍላቸው እኔ ነኝ። ከነገርኳቸው ጥቂት ሰዎች መካከል ስለሆኑ አስተማሪነቴን ያውቃሉ። ክፋታቸው በገበያ መሃል «አስተማሪ!» ብለው መጣራታቸው ነው። ስንቴ እንደለመንኳቸው እግዜር ያውቃል። «እሺ» ይሉኛል፤ በማግሥቱ ከሩቅ «አስተማሪ! አሰላሙ አለይኩም!»

አንድ ቀን ደብዳቤ አጽፈው ሲጨርሱ ነገሩን አነሣሁባቸው።

«ሐጂ፣ አንድ ነገር እንዲያደርሱልኝ ፈልጌ ነበር። መጽሐፍ ነው። ለልጆች የተሠራ፣ ሥዕል ያለበት።»

«የምን ሥዕል?»

«በሬ አለ፣ ዶሮ፣ ዝንጀሮ፣ ድመት…»

ወደ መጽሐፉ ዘርግተውት የነበረውን እጃቸውን ሰበሰቡ። «ነፍስ ያለው ነገር ነዋ። እሱን እኔ አላይም። አንተን አልወቅስም፣ ሃይማኖትህ ነው። በጨርቅ ጠቅልልልኝ፤ እወስደዋለሁ፣ አልከፍተውም። የት ነው የሚደርሰው?»

«ማተሚያ ቤት ወስደው እንዲያሳትሙልኝ ነው።»

ፊታቸው በራ። «ማተሚያ ቤት? በደንብ አውቀዋለሁ። ሰውየውንም አውቀዋለሁ፣ በርበሬ እወስድለታለሁ።»

እዚህ ላይ ቆም ማለት ነበረብኝ። አንድ የበርበሬ ነጋዴ ማተሚያ ቤት ምን አገናኝቶት ነው ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ። ደስታ ግን ሰውን ደንቆሮ ያደርጋል። «አንድም ገጽ እንዳይቀር፣ ሐጂ። ሁሉም ይታተም» አልኳቸው።

«አንድም አይቀር። አሳትሜልህ እመጣለሁ፣ እኔ ነኝ ያልኩህ።»

«ስሜንም እንዳያነሱ።»

«ስምህን ማን ያውቀዋል? አስተማሪ አይደለህ?» አሉና ሄዱ።

ከባዱ ልጄን ማሳመን ነበር። መጽሐፉን ከደረቷ ላይ ማላቀቅ አቃተኝ። «ይሄድና ወንድሞቹንና እህቶቹን ይዞ ይመጣል» አልኳት።

«ስንት?»

«መቶ።»

«ለሁላችንም ይደርሳል?»

«ለሁላችሁም ይደርሳል።»

በጣቶቿ ለመቁጠር ሞከረች፤ ጣቷ ሲያልቅ መጽሐፉን ሰጠችኝ። ለልጅ የሰጡት ቃል ከዳኛ ፊት ከሰጡት ይከብዳል። ይህን ያን ጊዜ አላውቅም ነበር ብል እዋሻለሁ፤ አውቅ ነበር፣ ቢሆንም ሰጠሁ።

ሐጂ በሦስተኛው ሳምንት ተመለሱ። ከበቅሏቸው ሳይወርዱ ፈገግ ብለው ነበር። ቤት ገቡ፣ ተቀመጡ፣ ጥቅሉን ጉልበቴ ላይ አኖሩልኝ። ጥቅሉ ቀለለብኝ። ያው አንዱ መጽሐፍ ብቻ ነው። ምናልባት መቶው ካሚዮን ላይ ይሆናል ብዬ አሰብኩ።

«አሳተምኩልህ» አሉኝ።

ጨርቁን ፈታሁት። የመጀመሪያው ገጽ ላይ በሬዬ አለ፤ በበሬዬ ሆድ ላይ ደግሞ አንድ ሐምራዊ ክብ ማኅተም አርፏል። መሃሉ ላይ ዘውድ የመሰለ ነገር፣ ዙሪያውን የፈረንጅ ፊደል። ገለበጥኩ። ዶሮዋ ላይ ማኅተም። ዝንጀሮው ፊት ላይ ማኅተም። ቆጮው መሃል፣ ልክ ለማኅተም የተጋገረ ይመስል፣ ማኅተም። ሃያ ስድስቱም።

«ሐጂ፣ የት ነው የወሰዱት?»

«ማተሚያ ቤት ነዋ። ወልቂጤ፣ ጣሊያኑ ጋ።»

ያን ጊዜ ገባኝ። ለእኔ ማተሚያ ቤት መጽሐፍ የሚባዛበት ነው። ለሐጂ፣ ዕድሜያቸውን ይለፍና ደረሰኝ ሲያሳትሙ ለኖሩ ሰው፣ ማኅተም የሚመታበት ቤት ነው። ሁለታችንም ትክክለኛ አማርኛ ነበር የተናገርነው። ተግባብተንም ነበር፤ የተግባባነው በሁለት ነገር ላይ መሆኑ ነው እንጂ።

«ምን ብለው ሰጡት?» አልኩ።

«ለአስተርጓሚው ሰጠሁት። ይታተምልኝ አልኩት። ጣሊያኑ ገልጦ አየ፣ ዝንጀሮው ጋ ሲደርስ ሳቀ አሉኝ፤ እኔ ዞሬ ነበር፣ አላየሁም። አንዱን ገጽ መታና መለሰልኝ። የለም አልኩ፣ አንድም እንዳይቀር ተብያለሁ አልኩ። ተቆጣ። በርበሬውን አስታወስኩት። ቁጭ ብሎ ሁሉንም መታልህ። አስተማሪ፣ እኔ ብዙ ወረቀት አሳትሜያለሁ፤ እንዲህ ሆኖ የታተመ ወረቀት ግን በዚህ አገር የለም።»

የማን ነው አላሉዎትም ወይ ስላቸው «የልጅ ልጄ ነው አልኩ» አሉ። ከዚህ በላይ ምን እላለሁ? አመሰገንኳቸው። ያስደነገጡኝን ሰው መቆጣትም፣ ደስ ያላቸውን ሰው ማሳዘንም አቃተኝ፤ ሁለቱም በአንድ ጊዜ ሲሆኑ ደግሞ ሰው ዝም ብሎ ያመሰግናል።

ሲወጡ ባለቤቴ ከጓዳ ብቅ አለች። «አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች» አለች።

«ሐጂን ተይ፣ ምን አጠፉ?»

«ሐጂን መች አልኩ? ቋንቋ አዋቂው አንተ አይደለህ? ‹ያባዙልኝ› ማለት አቅቶህ ነው?»

ከዚያ በኋላ ያሉትን ሳምንታት በምን ቃል እንደምገልጻቸው አላውቅም። ማኅተሙ ምን እንደሚል ማንበብ አልችልም። የፈረንጁን ፊደል አንድ በአንድ ለይቼ አውቀዋለሁ፣ ሲገጣጠም ግን ድንጋይ ይሆንብኛል። «ተፈቅዷል» ይላል? «ተከልክሏል» ይላል? «ያየነው ነው፣ ባለቤቱን ፈልጉ» ይላል? ቡታጅራ ውስጥ ጣሊያንኛ የሚያነቡ ሁለት ሰዎች ነበሩ፤ ሁለቱም የምሸሻቸው ናቸው። ጨው እየሰፈርኩ ዘውዱ ይመጣብኛል። ወታደር በገበያው ሲያልፍ ዝንጀሮው ይመጣብኛል። አንድ ቀን መጽሐፉን ላቃጥለው እሳት ዳር ደረስኩ፤ ልጄ አየችኝና መለስኩት።

ለእሷ ማኅተሙ ችግር አልነበረም። እሷ ያስቸገራት ሌላ ነው። «ይሄ ምንድን ነው?» አለችኝ፣ ክቡን እያሳየች።

«ማኅተም ነው።»

«በምን ይጀምራል?»

«በማ።»

«ታዲያ ሁሉም ገጽ ማ ነው?» አለች። ቀጠለችና «ወንድሞቹስ?» አለችኝ። «ይመጣሉ» አልኩ። ውሸት እንዲህ እያለ ነው የሚወልደው።

ሐጂ በሚቀጥለው ጉዟቸው ዋዜማ ደብዳቤ ለማጻፍ ሲመጡ እንደምንም ብዬ አስረዳኋቸው። ማኅተም አይደለም የፈለግኩት፣ ማባዛት ነው አልኳቸው። አንዲት የበርበሬ ፍሬ ተዘርታ ስንት እንደምታፈራ፣ እንደዚያ አንዱን መቶ የሚያደርግ ማሽን አዲስ አበባ አለ አልኳቸው። በጣም አዘኑ። ከዚያ ደግሞ አሰቡና ፊታቸው ተመለሰ።

«ታዲያ ምን ጎደለ? አሁን እወስደዋለሁ። እንደውም ያሁኑ ይሻላል። አስተማሪ፣ ይህ መጽሐፍ እኮ አሁን ካንተ ይበልጣል። እሱ ይለፍ አለው።»

ሣቅኩ። ነገሩ እውነት ነበር፤ እውነት መሆኑ አንጀቴን በላው። በጥቀርሻ የተሣለው ቀንዳም ውሻ አዲስ አበባ መግባት ይችላል፣ የሣለው ሰው ግን ከቡታጅራ ገበያ አያልፍም። ሰጠኋቸው። ልጄም በዚህኛው ጊዜ አላስቸገረችኝም፤ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀችኝ።

«ይለፍ አለው?»

«አለው። ሃያ ስድስት።»

«እሺ» አለች።

ክረምቱ ገባ፣ ተራራው ተዘጋ፣ ሐጂ ጠፉ። ልጄ መጠየቋን አላቆመችም፤ እኔም መመለሴን። ጠዋት ጠዋት ሱቅ እሄዳለሁ፣ ማታ እመጣለሁ፣ እሷ ቀኑን ሙሉ ከጓሮ ከልጆቹ ጋር ምን እንደምትሠራ አላየሁም። ለማየትም አልፈለግኩም፤ ዓይኗን ስሸሽ ነው የከረምኩት።

መስከረም ሲጠባ ሐጂ መጡ። ከሩቅ አልተጣሩም። በዚያ ብቻ አወቅኩ። ከስተዋል፤ ግንባራቸው ተልጧል። ውሃ ጠይቀው ጠጡና እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ነገሩኝ።

ማተሚያ ቤቱን አግኝተዋል፤ እውነተኛውን። መነጽር ያደረገ አንድ ሰው መጽሐፉን ተቀብሎ ሲገልጠው ወድዶት ነበር። ሁለተኛው ገጽ ላይ ግን ማኅተሙን አይቶ ወዲያው ከደነው።

«‹ሐጂ፣ ይሄ የመንግሥት ማኅተም ነው፤ ይህን ማባዛት እጅ ያስቆርጣል› አለኝ። እንዲታተም እኮ ነው የታተመው አልኩት። ‹የታተመ አይታተምም› አለኝ። አስተማሪ፣ እስኪ አንተ አስረዳኝ፤ ይሄ ምን ማለት ነው?»

«መጽሐፉስ?» አልኩ።

«ስመለስ ወልቂጤ ኬላ ላይ ፈተሹኝ። ወረቀት ሁሉ አንድ ማኅተም ነው ያለው፣ ይሄ ሃያ ስድስት ከየት አመጣ አሉ። ማኅተሙን ሰርቀህ ነው አሉ። የመታው ጣሊያን ተቀይሯል፤ አዲሱ አያውቀኝም፣ በርበሬም አይበላም። ከጠዋት እስከ ማታ ፀሐይ ላይ አቆሙኝ። ማን ነው የሠራው ይሉኛል።»

ሐጂ ቀና ብለው አላዩኝም።

«እኔ ነኝ አልኩ።»

«እርስዎ?»

«እኔ ነኝ የሣልኩት አልኩ። ነፍስ ያለው ነገር ሣልኩ ብዬ በአፌ መሰከርኩ፤ አላህ ይቅር ይበለኝ። አላመኑኝም። ከሰል ሰጡኝና በል በሬ ሣል አሉኝ።»

«እና?»

«ሣልኩ። በዕድሜዬ የመጀመሪያዬ ነው።» እጃቸውን ገልብጠው አዩት። «ውሻ መሰለ። ቀንድ ጨመርኩበት። ከመጽሐፉ ጋር አስተያዩትና አመኑኝ፤ ያው እጅ ነው አሉ። የጅል ሽማግሌ ጨዋታ ነው ብለው ስቀው ለቀቁኝ። መጽሐፉን ግን አስቀሩት። ምን እንዳደረጉት አላውቅም፣ አስተማሪ። ለልጅህ ምን ብዬ እንደምነግራት ተራራውን ሙሉ ሳስብ ነው የመጣሁት።»

ያ የተበላሸ በሬ እኔንም ሐጂንም ከሞት አወጣን። ደህና አድርጌ ሥዬው ቢሆን ኖሮ ሐጂ ባልተመለሱ ነበር። ተነሥቼ ጉልበታቸውን ሳምኩ፤ «ተው፣ ተው» እያሉ እጄን ያዙኝ። ለልጄ የምነግራት እኔ ነኝ አልኳቸው። በሩ ድረስ ሸኘኋቸውና ወደ ጓሮ ዞርኩ።

ልጄ እንሰቱ ሥር ተቀምጣለች። ልጆቹ ከበዋታል፤ የሚጋፋ ግን አልነበረም። ሁሉም በየጭናቸው ላይ ከእንሰት ግንድ የተላጠ ደረቅ ልጣጭ ይዘዋል፤ በልጣጩ ላይ በጥቀርሻ የተጻፈ ፊደል፣ ከሥሩ ሥዕል። በሬ አለ፤ ቀንድ ያለው ውሻ ነው። ዶሮ አለች። ዝንጀሮ አለ። በሁሉም ላይ ደግሞ፣ አንድም ሳይቀር፣ ክብ ማኅተም። ከጎኗ የተሰበረ ገል ውስጥ የተበጠበጠ ጥቀርሻ፣ እጇ ላይ አጭር የሸምበቆ ቁራጭ አለ። አንዱ ልጅ ፊደሉን አንብቦ ሲጨርስ ሸምበቆውን ነክራ ልጣጩ ላይ ታሳርፋለች፣ ክቡ ይወጣል፣ ልጁ ወደሚቀጥለው ይሄዳል።

አጠገቧ ቁጭ አልኩ። «መጽሐፉ አይመጣም» አልኳት። አሳምሬ የምነግርበት መንገድ ፈልጌ ነበር፤ ስደርስ ጠፋኝ። «ወታደሮች መንገድ ላይ ወሰዱት።»

ሸምበቆውን ገሉ ውስጥ አኖረች። ዓይኗ እንባ ሞላ፤ አልፈሰሰም።

«ይለፍ ነበረው አይደል?»

«ነበረው።»

«ሃያ ስድስት።»

«ሃያ ስድስት።»

«ታዲያ ለምን አላለፈም?»

«አላውቅም» አልኳት። በዚያ ዘመን ሁሉ ለልጄ የመለስኩት አንድ እውነተኛ መልስ ይሄ ነው።

ከዚያ በእጇ ጀርባ አፍንጫዋን ጠረገችና ልጆቹ የያዟቸውን ልጣጮች ዞር ብላ አየች። «መቶ አልሞሉም» አለችኝ፣ ጥፋቱ የእሷ ይመስል። «የእንሰቱ ልጣጭ ቶሎ አይደርቅልኝም። ዘጠኝ ናቸው።»

አፍሬ ነበር፤ ኮርቼም ነበር፤ ትንሽም፣ እውነቱን ልናገርና፣ ቀንቼ ነበር። አንዱን ልጣጭ አነሣሁ። ከሥሩ ክብ ቆጮ በእንሰት ቅጠል ላይ ተሥሏል።

«ቆ» ብዬ አነበብኩ።

ልጆቹ ሣቁ። ልጄ ግን አልሣቀችም። «በደንብ እየው» አለችኝ። አየሁት። ከላይ የተጻፈው ቆ አልነበረም፤ ው ነበር፤ እግሩ ትንሽ ተጣሞ፣ ግን የማያሻማ ው። ይሄ ስሕተት ነው፣ አማርኛው ቆጮ ነው የሚለው አስተማሪ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። መልሼ ዋጥኩት።

«ው» አልኩ። «ውሳ።»

«ከመጀመሪያው።»

«ው፣ ውሳ።»

«እጅህን አምጣ።»

መዳፌን ዘረጋሁላት። ሸምበቆውን ነክራ መዳፌ መሃል ላይ አሳረፈችው፤ እንዲወጣ ጫን አድርጋ ትንሽ ቆየች፣ ከዚያ አነሣችው። ክቡ ጥቁርና ሙሉ ሆኖ ወጣ።

«አሁን እለፍ» አለችኝ።

በዚያ ቀን እስከ ሱቄ ድረስ እጄን ሳልጨብጥ ሄድኩ።